ኮምባይነር ስንመርጥ ገለባውን አንርሳ

ከእንጦጦ ራጉኤል ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ በሚወርደው ተዳፋት፣ ገብስ ዛሬም በበሬ ይበራያል። በኅዳርና በታኅሣሥ በዚያ በኩል ያለፈ ሰው አውድማውን ያውቀዋል። መሬቱ በእበት ይለቀለቃል፣ ነዶው ይበተንበታል፣ በሬዎቹ ይዞሩበታል፤ ገለባው በመንሽ ይገላበጣል፣ ነፋስ ሲነሳም እህሉ በላይዳ ይበተናል። እህሉ ጥቂት ከሆነ ደግሞ በሬ ማስገባት አያስፈልግም፣ በዱላ ይወቃል። ስለ ሮታሪ ኮምባይነር ለማስረዳት ይህ አውድማ ይበቃኛል፤ ኮምባይነሮችም በሁለት ወገን የሚከፈሉት በዚሁ ነውና። አንዱ እንደ ዱላው ይመታል፣ ሌላው፣ ሮታሪው፣ እንደ በሬዎቹ እያዞረ ያሻል።

የሚመታው ቀዳሚ ነው። ስኮትላንዳዊው አንድሩ ሚክል እ.ኤ.አ. በ1786 አካባቢ የሠራው የመውቂያ መሣሪያ በፍጥነት የሚሽከረከር ከበሮ ነበረው። አርሲና ባሌ በኪራይ ሲሠሩ የማያቸው ኮምባይነሮችም ልባቸው ይኸው ከበሮ ነው። ሰብሉ በከበሮውና ከሥሩ በታጠፈው የብረት ወንፊት መካከል አንድ ጊዜ ብቻ ሽው ብሎ ያልፋል። አብዛኛው ፍሬ እዚያው ይረግፋል። የቀረው ከገለባው ጋር ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ረጃጅም አራጋፊዎች ገለባውን ወደ ላይ እያነጠሩ ፍሬውን ያወርዱታል።

ጣጣው ያለው አራጋፊዎቹ ላይ ነው። ሾፌሩ ፍጥነት ሲጨምር የገለባው ንጣፍ ይወፍራል፤ ፍሬው በዚያ ውስጥ ሾልኮ ለመውረድ ጊዜ ስለማያገኝ ከገለባው ጋር ማሳ ላይ ይፈሳል። ከበሮውን ማፋጠንም መፍትሔ አይሆንም፤ ያን ጊዜ ፍሬው ይሰበራል፣ በተለይ በቆሎ። ማሽኑን ማስፋት ይቻላል፣ ግን መንገድና ድልድይ የሚፈቅደው ወርድ አለው። የአሜሪካ አምራቾች እርሻው እየሰፋ፣ ምርቱ እየጨመረ ሲሄድ የተጋፈጡት ይህንን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1975፣ እኛ ዘንድ የገጠር መሬት አዋጅ በታወጀበት ዓመት፣ ስፔሪ ኒው ሆላንድ ቲአር70 የተባለውን ባለ ሁለት ሮተር ኮምባይነር ለገበያ አቀረበ። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተርም ለረጅም ዓመታት ሲሞክር የቆየውን ባለ አንድ ሮተር አክሲያል ፍሎው እ.ኤ.አ. በ1977 አወጣ። በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ አራጋፊ የለም። ከፊት ወደ ኋላ የተጋደመ ረጅም ሮተር በወንፊት ቀፎ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ሰብሉም እየተጠማዘዘ ደጋግሞ ይዞርበታል። ፊተኛው ክፍል ፍሬውን ከዛላው ያላቅቃል፤ ኋለኛው ክፍል ላይ ሽክርክሪቱ ራሱ ፍሬውን ወደ ውጭ ገፍቶ በወንፊቱ ያስወጣዋል። ሰብሉ የሚላቀቀው በአንድ ምት ሳይሆን በብዙ መተሻሸት ስለሆነ የሚሰበረው ፍሬ ይቀንሳል። በአንድ ሰዓት የሚያጭደውም ይጨምራል። ጆን ዲር እንኳ ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የራሱን ሮታሪ አመጣ። የጀርመኑ ክላስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሁለቱን አዳቀለ፦ ከፊት ከበሮ፣ ከኋላ ሮተር።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ለምን እኛ ወደ ሮታሪ አንሮጥም? መልሴ ገለባው ነው። ሮታሪ ደረቅ ገለባን እያሸ ይሰባብረዋል። በዚያ ላይ ጉልበት ይበላል፣ ጠንካራ ሞተርና ብዙ ናፍጣ ይፈልጋል። እርጥብና አረም የበዛበት ሰብል ሲገባበትም ይጠመጠምበታል። አሜሪካ፣ ካንሳስ ያለው ገበሬ ገለባው ቢደቅ ግድ ላይሰጠው ይችላል፤ መሬቱ ላይ በትኖት ይሄዳል። የእኛ ገበሬ ግን ከአንድ ማሳ ሁለት ምርት ነው የሚያስገባው። በደጋው ከብት በጋውን የሚዘልቀው በገለባ ነው፤ የጭቃ ቤት ግድግዳ ያለ ጭድ አይቆምም፤ ለአዲስ አበባ የወተት ላሞችም ገለባ በአይሱዙ ተጭኖ ይገባል።

ባለፈው የአጨዳ ወቅት አርሲ ውስጥ አንድ ባለ ከበሮ ኮምባይነር ካለፈ በኋላ ጎንበስ ብዬ ገለባ አነሳሁ። አገዳው ከክንዴ የሚረዝም፣ ብዙም ያልተሰበረ ነበር። ሳራግፈው ጥቂት ፍሬ መዳፌ ላይ ቀረ። ያ ፍሬ ብክነት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ሴቶቹና ልጆቹ ገና ማሽኑ ሳይርቅ ገለባውን እየሰበሰቡ መከመር ጀምረው ነበር፤ ተሰባብሮ ቢሆን ግማሹን ነፋስ ይወስድባቸው ነበር።

ማሽን ያለ ሰው ሲታሰብ ምን እንደሚሆን አርሲ ቀድማ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ዓላማው አነስተኛ ገበሬዎችን መርዳት ነበር። የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ስንዴን አትራፊ ሲያደርገው ግን ባለ መሬቶቹ ትራክተርና ኮምባይነር እያስገቡ ጭሰኞቹን አፈናቀሉ። ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው፦ ኮምባይነሩ በኪራይ ይመጣል፣ ሒሳቡ በኩንታል ይታሰባል፣ ጎረቤታሞች ማሳቸውን ኩታ ገጠም አድርገው ያዘጋጁለታል። ይህ መልካም ነው፣ ከልቤ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ግዢ የምታስቡ ማኅበራትና ባለሀብቶች፣ እኔን ብትጠይቁኝ፦ በቆሎና አኩሪ አተር በሰፊው ለሚያመርት፣ ገለባ ለማይሰበስብ ቆላማ እርሻ ሮታሪ ይሁን። ለደጋው ስንዴና ገብስ ባለ አራጋፊው ይሻላል፤ ሾፌሩ ብቻ ፍጥነቱን ይቀንስ። ክፍያው በኩንታል ሲሆን ሾፌር ይቸኩላል፣ አራጋፊውም ከዐቅሙ በላይ ይጫንበታል። ኪራይ ስትዋዋሉ ከኋላ የሚወድቀውን ፍሬ አብራችሁ ለማየት ቀድማችሁ ተስማሙ።

ለእንጦጦው ተዳፋት ሁለቱም አይሆኑም። ቁራሽ ማሳ ላይ ግዙፍ ማሽን መዞሪያ አያገኝም፤ መሬቱ ሲያዘነብልም ውስጥ ያለው ማበጠሪያ ወንፊት ላይ እህሉ ወደ አንድ ጎን ይከማቻል። እዚያ የሚያስፈልገው በአህያ ጋሪ ወይም በትንሽ ትራክተር ተጎትቶ አውድማው ድረስ የሚደርስ፣ ጥቂት ቤተሰቦች በጋራ የሚገዙት አነስተኛ መውቂያ ነው።