ከብት ስንነዳ የት እንደር?

ከጫንጮ እስከ አዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሰንጋ ይህ የአንድ ቀን መንገድ አይደለም። አጣድፈን ብንነዳው ይደክማል፤ ሆዱ ይጎድላል፤ ገዢም ዋጋ ይሰብርብናል። ስለዚህ መሀል ላይ፣ ሱሉልታ እንደር።

ማደሪያውን ግን ከቤት ሳንወጣ እንወስን። ዛሬ በሱሉልታ ቤትና ፋብሪካ በዝቷል፤ ግጦሹም ጠብቧል። ሣሩ የማን ነው? ውሃው የት ነው? ባለቤቱን ሳናስፈቅድ ከብት ብንለቅ ጠብ ይመጣል። በክረምት ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፤ ደረቅ ከፍታ እንፈልግ። ሌሊቱ ብርድ ነውና ጋቢ አይረሳ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድረስ። በጨለማ አስፋልት ዳር መንዳት ከጅብም ይከፋል፤ መኪና አለ! ማታ ከብቱን ቆጥረን በተራ እንጠብቅ። ሲነጋ እንደገና እንቆጥር፤ ውሃ እናጠጣ። ከዚያ የእንጦጦን ዳገት ፀሐይ ሳይበረታ እንወጣለን።