እንቅርት፣ ጨውና የሕፃኑ አእምሮ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲባል ሰምቶ የማያውቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። እንቅርት በአገር ቤት ደጋዎች የተለመደ ነበርና ብዙ እናቶች መድኃኒት ይሆናል ብለው አንገታቸውን ይነቀሱ ነበር። ምክንያቱ ግን ከአፈሩ ነው። ዝናብ የተራራውን አፈር እያጠበ አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ይወስደዋል፤ እህሉም አዮዲን ያንሰዋል። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ስለሆነ፣ ሲያጣው ለማካካስ ብሎ ያብጣል።

እብጠቱ የሚታየው ነው። ከባዱ በፅንስ ላይ የሚደርሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ፅንሱ የራሱ ሆርሞን ስለሌለው የሚኖረው በእናቱ ነው። እናት አዮዲን እጅግ ካነሳት የልጁ አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱም በኋላ አይመለስም።

«ይህ የአገር ቤት በሽታ ነው» እንዳንል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ አገር አቀፍ ጥናት በእስራኤል ከተመረመሩት ነፍሰ ጡሮች 85 በመቶ፣ ከተማሪዎች 62 በመቶ የአዮዲን መጠናቸው ከሚፈለገው በታች መሆኑን አሳይቷል። የባሕር ጨው ሁሉ በቂ አዮዲን ያለው የሚመስላቸው አሉ፤ የለውም። ማሸጊያው ላይ «ሜላሕ ሜዩዳድ» የሚል መኖሩን አይተው ይግዙ። ጨው መጨመር አያስፈልግም፤ ዓይነቱን መለወጥ ይበቃል። ጨውን ማጠብ የለመዱ እናቶች አዮዲኑንም አብረው ያጥቡታል፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨመር ይሻላል። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች፣ በተለይም የታይሮይድ ሕመም ያለባት፣ ስለ አዮዲን ኪኒን ሐኪሟን ትጠይቅ።

ሌላው ጉዳይ ከጨው ጋር አይገናኝም። አንዳንድ ሕፃን ዕጢው ሳይፈጠር ወይም በደንብ ሳያድግ ይወለዳል፤ ይህ ከ2,000 እስከ 4,000 ሕፃናት በአንዱ ላይ ይደርሳል። በሆስፒታል ከተረከዙ ጥቂት ደም የሚወሰደው ይህንንም ለማወቅ ነው። ችግሩ ሕፃኑ ሲታይ ጤነኛ መሆኑ ነው፤ ይጠባል፣ ይተኛል፣ እንዲያውም «አያለቅስም፣ ጨዋ ነው» ይባላል። ስለዚህ ስልክ ተደውሎ ምርመራው ይደገም ሲባል ወላጅ ቸል ሊል ይችላል። በዚያው ቀን ይሂዱ። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተጀመረ አብዛኞቹ እንደ እኩዮቻቸው ያድጋሉ፤ ሲዘገይ ግን አእምሮ ይጎዳል።

ኪኒኑ በየቀኑ ተፈጭቶ በጥቂት ውሃ ወይም በእናት ጡት ወተት በማንኪያ ይሰጣል። በሙሉ ጡጦ ውስጥ አይጨመርም፤ ሕፃኑ ካልጨረሰው መጠኑ ይጎድላል። ከአራት ወር ጀምሮ ቲፓት ሐላቭ የሚያዝዘውን የብረት ጠብታም ከኪኒኑ ጋር አያቀላቅሉ፤ በመካከላቸው አራት ሰዓት ይኑር።