አትጨፍልቁት! በኬንያ የዕረፍት ፎቶ ላይ ያየሁት ጥንዚዛ



ባለፈው ፋሲካ የአክስቴ ልጅ ከባሏና ከአራት ዓመት ልጃቸው ጋር ለዕረፍት ኬንያ ሄዳ ነበር። ሁለት ቀን ናይሮቢ፣ ከዚያ ናይቫሻ ሐይቅ ዳር። የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ በፎቶ ተጥለቀለቀ፤ ጉማሬው፣ ቀጭኔው፣ ጀልባው፣ እራቱ... እኛም "ኧረ ደስ ሲል!" እያልን ልብ እንልካለን።

በአምስተኛው ቀን የመጣው ፎቶ ግን የአንገቷ ነበር። ከግራ ተነስቶ በጉሮሮዋ ላይ ወደ ቀኝ የሚሻገር፣ በጋለ ብረት የተሰመረ የሚመስል ቀይ መስመር። ላዩ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች አሉ። ግሩፑ ወዲያው ሐኪም በሐኪም ሆነ። አክስቴ "ምች ነው፣ እዚያ አገር ዳማከሴ አይጠፋም" አለች። ሌላው "አልማዝ ባለጭራ ነው" አለ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ የአንገቷን ፎቶ ብቻ ሳይ እኔም መጀመሪያ የገመትኩት አልማዝ ባለጭራን ነው።

ግን ሁለት ነገር አልገጠመልኝም። አልማዝ ባለጭራ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚወጣው፤ የሰውነትን መሃል አይሻገርም። ሽፍታው ከመውጣቱ በፊትም ብዙ ጊዜ ቦታውን ለቀናት ያማል ወይም ያቃጥላል። የሷ ግን መሃሉን ተሻግሯል፤ ቀድሞ የተሰማት ሕመምም የለም። ስለዚህ "ለግሩፑ ያልላክሻቸውንም ጨምረሽ የሦስት ቀኑን ፎቶ በሙሉ ላኪልኝ" አልኳት።

መልሱ እዚያ ውስጥ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ማታ፣ በረንዳ ላይ ነጭ መብራት ስር እራት ሲበሉ የተነሱት ፎቶ። ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ጉንዳን የሚመስል ቀጭን ነገር ይታያል። ዙም ሳደርገው ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ደረቱ ብርቱካናማ፣ የጅራቱ ጫፍ ደግሞ ጥቁር ነው። "እንዲህ ያለ ነገር አንገትሽ ላይ አርፎብሽ ነበር?" ስላት "አዎ፣ በእጄ ጨፍልቄ ጠረግኩት፤ ምነው?" አለችኝ።

ይህ ነፍሳት "ናይሮቢ ፍላይ" ይባላል። ስሙ ዝንብ ቢለውም ዝንብ አይደለም፤ 1 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ጥንዚዛ ነው። አይናከስም፣ አይናደፍም። ችግሩ ሰውነቱ ውስጥ ያለው ፔደሪን የሚባል መርዝ ነው። ስንጨፈልቀው መርዙ ቆዳችን ላይ ይፈስሳል፤ ስንጠርገው ደግሞ በሄደበት ሁሉ እንቀባዋለን። መስመር የሚሠራው ለዚህ ነው። ክርን መታጠፊያ ላይ ከሆነ ቆዳው የሚነካካበት ሌላኛው ገጽ ላይም ተመሳሳይ ቁስል ይወጣል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ወዲያው አለማቃጠሉ ነው። ቁስሉ ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚወጣው። እስከዚያ ድረስ ጥንዚዛው ተረስቷል፤ ጥፋቱ በሳሙናው ወይም በፀሐይ ክሬሙ ይላከካል።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ቀጥላ የነገረችኝ ነው። "የልጄም ዓይን ዛሬ አብጦ ነው የነቃው" አለችኝ። ለካ ጥንዚዛውን በጨፈለቀችበት እጅ፣ ሳትታጠብ፣ የልጁን ፊት ጠርጋለች! መርዙ ዓይን ከነካ ከባድ መቅላት፣ ማበጥና ሕመም ያመጣል፤ እዚያው አገር "የናይሮቢ ዓይን" የሚል ስም ሁሉ አለው። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ልጁም ዳነ። የእናቱም ቁስል ደርቋል፤ ጠቆር ያለ ምልክት ግን ለጊዜው ትቶባታል።

ኬንያ የምትሄዱ ከሆነ ጥንዚዛው በዝናብ ወቅት እንደሚበዛ እወቁ፤ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ማታ ማታ ደማቅ ነጭ መብራት ይስበዋል። ስለዚህ፦

1. ካረፈባችሁ አትጨፍልቁት። እፍ በሉት ወይም ወረቀት ላይ እንዲወጣ አድርጋችሁ አራግፉት።
2. ከተጨፈለቀ ቦታውንና እጃችሁን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጠቡ። ሳትታጠቡ ዓይናችሁን፣ ፊታችሁን፣ ልጃችሁን አትንኩ። የነካውን ልብስም እጠቡ።
3. ከመምሸቱ በፊት መስኮት ዝጉ፣ የማትፈልጉትን መብራት አጥፉ፣ አጎበር ተጠቀሙ። ፎጣና አንሶላ ከመጠቀማችሁ በፊት አራግፉ።
4. ቁስሉ ከወጣ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያዙት፣ አታፈንዱት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅጠል፣ ነጭ ሽንኩርት አትቀቡት። የሚቀባ መድኃኒት ሐኪም ይዘዝላችሁ።
5. ዓይን ከተነካ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ከሰፋ ወይም ትኩሳት ካለ አትጠብቁ፤ ሂዱ።

ስለ ፎቶም አንድ ነገር ልበል። ለግሩፕ የምንልከው ያማረብንን ነው፤ ሐኪሙን የሚጠቅመው ግን ብዙ ጊዜ ያላማረው ነው። የማታውቁት ነፍሳት ካረፈባችሁ ሳትነኩት ፎቶ አንሱት፤ አጠገቡ ሳንቲም ካለ መጠኑን ያሳያል። ቁስሉንም በየቀኑ በቀን ብርሃን አንሱት። ተልኮ የመጣ ፎቶ የተነሳበትን ቀን ላያሳይ ስለሚችል ዋናውን ከስልካችሁ አታጥፉት።

ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢመጣባችሁ ደግሞ "ጉንፋን ነው" ብላችሁ አትተኙ። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ወባን የመቋቋም አቅም የለውም፤ ምልክቱም ከተነከሱ ሳምንታት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም የት እንደነበራችሁና መቼ እንደተመለሳችሁ ራሳችሁ ንገሩት። ቀኑን ከረሳችሁት ስልካችሁን ክፈቱ፤ ፎቶው ያስታውሳችኋል።

ለጉዞ የሚዘጋጅ ሰው የምታውቁ ሼር አድርጉለት።