ድንገት የምትደምቀው ኮከብና ሌሊቱን የሚጠብቋት

ሄይዋርድ፣ ካሊፎርኒያ፦ በሐምሌና በነሐሴ ምሽት ከዚህ ከተማ ኮረብታዎች ላይ ሆኖ ቀና ያለ ሰው፣ ጉምና የኦክላንድ መብራት ካልጋረዱት፣ ሲግነስ የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ ከአናቱ በላይ ያገኘዋል። በውስጡ ያለችው ኤስ ኤስ ሲግኒ ግን በባዶ ዓይን አትታይም። በአዘቦቱ ደካማ ናት። በአማካይ በየሰባት ሳምንቱ ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ 40 እጥፍ ያህል ትደምቃለች፤ ሰንብታም ትደበዝዛለች። ቀኑን ቆርጦ አስቀድሞ የሚናገር የለም።

ሊቃውንቱ እንዲህ ያሉትን “ድንክ ኖቫ” ይሏቸዋል። የመጀመሪያውን በ1855 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጆን ራስል ሃይንድ ለንደን ላይ አየ። ኤስ ኤስ ሲግኒን በ1896 ያገኘቻት የሐርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ ባልደረባዋ ሉዊዛ ዌልስ ናት።

አንድ የምትመስለው ኮከብ በእርግጥ ሁለት ናት። አንዱ ነጭ ድንክ ይባላል፤ መጠኑ የምድርን ያህል የሆነ፣ ነዳጁን የጨረሰ የኮከብ ቅሪት ነው። ሌላው ቀዝቀዝ ያለ ጎረቤቱ ነው። በ6 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ጊዜ እየተዟዟሩ ነጩ ከጎረቤቱ ጋዝ ይነጥቃል። ጋዙ በቀጥታ አይወድቅም፤ እንደ ምጣድ ክብ ሆኖ እየተሽከረከረ ይጠራቀማል። ሲበዛና ሲግል ወደ ነጩ ድንክ ይናዳል። የምናየው ብርሃን ይኸው ነው እንጂ ኮከቡ አልፈነዳም። እነዚህ ከዋክብት ጥንድ መሆናቸውን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካሳዩት አንዱ ሮበርት ክራፍት ሲሆን፣ ኋላ ከሳን ሆዜ በላይ በማውንት ሃሚልተን ተራራ ያለውን ሊክ ኦብዘርቫቶሪ መርቷል።

ጣጣው የመጣው ከርቀቷ ነው። ሐብል ቴሌስኮፕ 520 የብርሃን ዓመት ገደማ ብሎ ለካ። ያን ያህል ርቃ እንዲህ ከደመቀች የሚፈሰው ጋዝ እጅግ ብዙ መሆን አለበት፤ በዚያ መጠን ከፈሰሰ ደግሞ ክቡ ሁልጊዜ እንደጋለ ይኖራል፣ መደብዘዝም አይኖርም። ስለዚህ ወይ ልኬቱ ወይ ጽንሰ ሐሳቡ መውደቅ ነበረበት።

የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ሊዳኙ ቀረቡ። ሆኖም ኮከቧ ለእነርሱ የምትታየው ስትደምቅ ብቻ ነው። ታዲያ ማን ይንገራቸው? በ1911 የተመሠረተው የአሜሪካ የተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር አማተሮች ሌሊት ሌሊት እየጠበቁ ነገሯቸው። በ2013 የወጣው ውጤት 372 የብርሃን ዓመት ገደማ ሆነ፤ ጽንሰ ሐሳቡም ተረፈ። በኋላ ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩርም ይህንኑ አጸናች።

በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል “ዛሬ ምንም የለም” ብሎ የሚመለስ ሪፖርተር አይወደድም። እዚህ ግን “አልደመቀችም” የሚለውም ይመዘገባል፤ የድምቀቱ መነሻ የሚታወቀው በእርሱ ነውና።

የአንድ አገር ሰማይ ብቻውን አይበቃም። ሊክ ሲነጋበት እንጦጦ ወደ ምሽቱ ይቃረባል። በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ መስተዋታቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ሁለት ቴሌስኮፖች እዚያ ተተክለዋል። የአዲስ አበባ ክረምት ደመናው አያሠራም፤ በጥቅምት ግን ሰማዩ ሲጠራ ሲግነስ ገና ከምሽቱ አልጠፋም።