የእንግዳ እጅና የአስተናጋጅ ደመወዝ

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በጉና ግርጌና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ጋሸና የሚዘልቀውን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። ከባሕር ዳር በመኪና ወደ ላሊበላ የሚሄድ እንግዳ በዚህ መንገድ ጋይንትን ያቋርጣል። ነፋስ መውጫ ላይ ወርዶ ምሳ ይበላል፣ ቡና ይጠጣል፣ «መኪናውን እጠብቅልዎ?» የሚል ልጅም አያጣም። ሒሳብ ከፍሎ መልስ ሲመጣለት ትሪው ላይ የተደረደሩትን ብሮች እያየ ያመነታል። ልተወው ወይስ ላንሳው? ስንት ልተው? ለማን?

ጥያቄው የፈረንጁ ብቻ አይደለም። ከእስቴ፣ ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት ወጥቶ ዋሽንግተን አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የኖረ፣ አሁን እናቱን ሊጠይቅ የተመለሰ ሰውም በዚያው ጠረጴዛ ላይ ያመነታል። ያነሰ ቢሰጥ «አሜሪካ ኖሮ ይቺን?» ይባላል። የበዛ ቢሰጥ ከእሱ በኋላ የሚመጣው የወረዳ መምህር ወይም ነጋዴ ገብጋባ ሆኖ ይታያል። ስለ ጉርሻ አሰጣጥ የተጻፉ የጉዞ መጻሕፍት ሞልተዋል፤ የሚያስተምሩት ግን መቶኛ ማስላትን ነው። ዋናው ጥያቄ ገንዘቡ ሥራውን ለሠራው እጅ ይደርሳል ወይ፣ ከደረሰስ በደመወዝ ላይ የተጨመረ ነው ወይስ የደመወዝ ምትክ የሚለው ነው።

ነገሩ በዚህ አገር አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ ፈቃድ ይዞ በጌምድርን የሚያቋርጥ የውጭ አገር ሰው በሄደበት ሁሉ ድርጎ ይቆረጥለት ነበር። የየመንደሩ ገበሬ እንጀራውን፣ ማሩን፣ በጉን እንዲያቀርብ ይታዘዛል። እንግዳው በበኩሉ ጨርቅ፣ መሣሪያ ወይም ሌላ ብርቅ ዕቃ እጅ መንሻ ብሎ ለንጉሡ ወይም ለሹሙ ያቀርባል። ያበላው አንዱ፣ ስጦታ የተቀበለው ሌላው ነበር ማለት ነው። ድርጎው ቀርቷል፤ ያ የተዛባ አካሄድ ግን በብዙ ሆቴል ጓዳ ዛሬም አለ።

ሥራውና ክፍያው ፊት ለፊት የሚገናኙበትን ቦታ ማየት የፈለገ አዝማሪ ያለበት ቤት ይግባ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በየወንበሩ ይዞራል። የእንግዳውን ስምና አገር ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው ጠጋ ብሎ ይጠይቅና ወዲያው በግጥም ይመልሰዋል። እንግዳው ራሱ «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ሊወረውርለት ይችላል፤ አዝማሪው ቃል ሳይስት በዜማ ይቀበለዋል። ያን ጊዜ የተወደሰው ሰው ይነሳል፤ ብሩን አጥፎ አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፍለታል፣ ወይም ኮሌታው ውስጥ ይሰካለታል። አዝማሪው እጁ ከማሲንቆው ስለማይላቀቅ ብሩን አያነሳውም። ግንባሩ ላይ እንዳለ ይዘፍናል፣ ቤቱም ያየዋል። በዚህ ቤት ሽልማት በድብቅ አይሰጥም፤ ለሰጪውም ለተቀባዩም ክብሩ በመታየቱ ነው።

የውጭ አገር ሰው እዚህ የሚሳሳተው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ስሙ እየተጠራ፣ አገሩ እየተወደሰ እጁን አጣጥፎ ፈገግ ማለቱ ነው፤ የአዝማሪው ድካም ዋጋ አጥቶ ይቀራል። ሁለተኛው ገና ግጥሙ ሳይጀመር ብር ማውለብለቡ ነው፤ ይህ ደግሞ ባለሙያውን ለማኝ ያስመስለዋል። ስንኙ እስኪያልቅ ጠብቆ መነሳት፣ ሸልሞ መቀመጥ፣ ከበሮ መቺዋንና ተወዛዋዡንም አለመርሳት በቂ ነው።

በሽልማት ብቻ መኖር ምን እንደሆነ ግን በአዲስ አበባ የፈንድቃ ታሪክ ይነግረናል። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ካዛንቺስ በነበረው የፈንድቃ አዝማሪ ቤት ለዓመታት ያለ ደመወዝ፣ እንግዳ በሚሸልመው ብር ብቻ ሲጨፍር ኖሯል፤ የሚተኛውም እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። በኋላ ቤቱን ራሱ ይዞ በዓለም የታወቀ የባህል ማዕከል አደረገው። የእሱ ታሪክ በድል ስላበቃ ይወራል። እንደ እሱ በሽልማት ብቻ አድረው ሲታመሙ መታከሚያ ያጡ፣ ሲያረጁ ጡረታ የሌላቸው ባለሙያዎች ግን ስንትና ስንት ናቸው።

አስተናጋጆቹም ከዚህ የራቁ አይደሉም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ ምን እንደሆነ ሲተረጉም ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያ የደመወዝ አካል እንዳልሆነ በግልጽ አስቀምጧል። ይኸው አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ እንዲኖርም ደንግጓል። ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ግን እስካሁን የለም። የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ ሲል፣ በምግብ ቤት ትሪ ይዛ የምትሮጠዋ ልጅ ግን ከአሠሪዋ ጋር በቃል በተስማማችው ላይ ቀረች። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በየዓመቱ የሠራተኞች ቀን ሲከበር ይህንኑ ጥያቄ ያነሳል።

በተግባር የሚሆነው እንዲህ ነው። ቀጣሪው ትንሽ ደመወዝ ይቆርጥና «ቲፕ አለሽ እኮ!» ይላል። ብርጭቆ ሲሰበር ከዚያችው ደመወዝ ላይ ይቀነሳል፤ ደንበኛ ሳይከፍል ቢወጣም ሒሳቡ በእሷ ላይ ይጻፋል። አንዳንድ ቤት ጉርሻው በጋራ ሣጥን ተጠራቅሞ በሳምንት መጨረሻ ይከፋፈላል። ሣጥኑ በሠራተኞቹ እጅ ከሆነ አካሄዱ ጥሩ ነው፤ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ወጥ ሠሪዋና ዕቃ አጣቢዋም ይደርሳቸዋል። ቁልፉ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ከሆነ ግን ያው የድሮው ሹም ተመለሰ ማለት ነው። በትልልቅ ሆቴሎች ሒሳብ ላይ የሚደመረው 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያም እንግዳውን ያዘናጋዋል፤ «ከፍያለሁ» ብሎ ይወጣል፣ አስተናጋጇ ጋ ምን ያህሉ እንደደረሰ ግን አያውቅም። መጠየቅ ነውር አይደለም። «ይህ ለእናንተ ይደርሳል?» ብሎ ዝግ ባለ ድምፅ መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው።

እንግሊዞች ጉዳዩን በሕግ ቋጭተውታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውና ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የሚሠራው ሕጋቸው አሠሪው ከጉርሻ አንድም ሳንቲም ሳያስቀር ሙሉውን ለሠራተኞች እንዲያከፋፍል ያስገድዳል። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ጉርሻ የተለመደ አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ ትቶ የወጣ እንግዳ «ረስተው ሄዱ» ተብሎ ከኋላው ሊሮጡለት ይችላሉ።

የአሜሪካው ሁኔታ ለብዙ የጎንደር ቤተሰብ ቅርብ ነው፤ ልጆቹ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ምግብ ቤቶች፣ መኪና ማቆሚያዎችና ታክሲዎች ውስጥ ይሠራሉና። በፌዴራሉ ሕግ አንድ አሠሪ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ሊከፍል ይችላል፤ ቀሪው እስከ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ድረስ ከደንበኛ ጉርሻ ይሞላል ተብሎ ይታሰባል። ይህ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ከእ.ኤ.አ. 1991 ጀምሮ አልተነካም። የዋሽንግተን ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በድምፅ ብልጫ ይህ ልዩነት ደረጃ በደረጃ እንዲቀር ወሰኑ፤ በ2025 ግን የከተማዋ ምክር ቤት አካሄዱን መልሶ አቀዘቀዘው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ደግሞ እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ጉርሻ ከገቢ ግብር ስሌት እንዲቀነስ ፈቀደ። እዚያ ለአስተናጋጅ 20 በመቶ መተው ልግስና አይባልም፤ የቤት ኪራይዋ የሚከፈለው በእሱ ነው። ሐበሻ ምግብ ቤት ገብቶ ስድስት ሰዓት ሙሉ ቡናና ጨዋታ ይዞ ተቀምጦ ሁለት ዶላር ጥሎ የሚወጣ ወገን ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው። ያቺ ልጅ የእህቱ ልጅ ልትሆን ትችላለች።

ወደ ጋይንት እንመለስ። ታች ጋይንት ውስጥ የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባም የዝማሬ መዋሥዕት። ከሩቅ አገር የመጡ የቆሎ ተማሪዎች ዛሬም በእነዚህ ደብሮች ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ይማራሉ። የቤተልሔም ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን እንግሊዛዊው ቶማስ ፓክናም እ.ኤ.አ. በ1955 ከጎበኛትና በመጽሐፉ ካስተዋወቃት ወዲህ በውጭ ተመራማሪዎች ዘንድ ትታወቃለች። እንዲህ ያለ ቦታ የደረሰ እንግዳ ሦስት ነገር መለየት አለበት። ለቤተ ክርስቲያኑ የሚሰጥ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ይገባል ወይም ደረሰኝ ይቆረጥለታል። በር ከፍቶ፣ መስቀል አውጥቶ ያሳየ ካህን ወይም ጫማ የጠበቀ ሰው ከጉብኝቱ በኋላ በእጁ ይሰጠዋል። ለተማሪዎቹ ያሰበ ደግሞ የኔታን ጠይቆ እህል ወይም ልብስ ቢያቀርብ ይሻላል። በቅዳሴ ሰዓት ብር ማውጣት፣ ወይም «ፎቶ ላንሳህ» ብሎ ለመነኩሴ ገንዘብ መዘርጋት ግን ድፍረት ነው።

በገበሬ ቤት ሥርዓቱ ይለያል። እስቴ ወይም ስማዳ ውስጥ እንግዳን «ቤት ለእንግዳ» ብለው አስገብተው እግሩን አጥበው፣ ቡና አፍልተው ያስተናገዱ ባልና ሚስት ሲወጣ ብር ቢዘረጋላቸው ይቀየማሉ፤ ቤታቸው ሻይ ቤት አይደለምና። ጨዋው እንግዳ ሲመጣ ቡና፣ ስኳር ወይም ሳሙና ይዞ ይገባል። ሲሰናበት የቤቱን ትንሽ ልጅ ጠርቶ «ደብተር ግዛበት» ብሎ እጁ ውስጥ ይጨምርለታል። እናቲቱ «ኧረ ተው፣ ምን ሲደረግ!» ብላ መከልከሏ አይቀርም፤ ልጁ ግን ከያዘ በኋላ ነገሩ ያበቃል።

በመንገድ ዳር ያሉት ልጆች ጉዳይ ይከብዳል። መኪና ሲያዩ «ሃይላንድ!» እያሉ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹ አስፋልቱ ዳር እስክስታ ይመታሉ። በመስኮት ብር የሚወረውር እንግዳ ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። ብሩ ግን የሚያርፈው መሐል መንገድ ላይ ነው፤ ከኋላ አይሱዙ ይመጣል። ልጁም በግ መጠበቁን ወይም ትምህርቱን ትቶ ነገም እዚያው ቆሞ ይውላል። እነዚህ ወረዳዎች የሴፍቲኔት ተረጂ የበዛባቸው ናቸውና ችግሩ የውሸት አይደለም። ለዚህም ነው ልጆችን መርዳት የሚፈልግ ሰው በትምህርት ቤታቸው በኩል ሄዶ፣ ርእሰ መምህሩን አግኝቶ መስጠት ያለበት።

ለወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ለኬላ ወይም ለጤና ጣቢያ ሠራተኛ የሚሰጥ «የሻይ» ደግሞ ከጉርሻ አይቆጠርም። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ያስጠይቃል፤ የውጭ አገር ሰው ነኝ ማለት አያድንም።

የመጠኑ ነገርስ? በተለመደው ምግብ ቤት ከመልሱ ላይ አንድ ሁለት አሥር ብር መተው፣ ደኅና ቤት ከሆነና የአገልግሎት ክፍያ ካልተደመረ እስከ 10 በመቶ ማድረስ ማንንም አያሳፍርም። ቀኑን ሙሉ አብሮ የዋለ አስጎብኚና ሾፌር ከዚህ በላይ ይገባቸዋል፤ ለየብቻቸው፣ በጉዞው መጨረሻ፣ አመስግኖ በእጅ መስጠት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከመቶ በላይ ስለዘለለ፣ ለፈረንጁ ቀላል የሆነው ገንዘብ ለአገሬው ከባድ ሆኗል። ዶላር ወይም የዩሮ ሳንቲም መስጠት ግን ለተቀባዩ ጣጣ ነው፤ ሳንቲሙን የሚመነዝርለት ባንክ የለም። ዝርዝር ብር መያዝ፣ ከሌለም በቴሌብር ለአስተናጋጇ ስልክ መላክ ይቻላል። በስልክ የተላከ ጉርሻ አንድ ጥቅም አለው፦ ባለቤቱ ሣጥን ውስጥ አይገባም።

ይህ ሁሉ ምክር እንግዳ ካለ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። በነሐሴ 2013 ነፋስ መውጫ በሰሜኑ ጦርነት ተያዘች። መንግሥት ለገና 2014 አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ወደ አገር ቤት ጠርቶ ተስፋ ሲያንሰራራ፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ግጭት መንገዱን ጭር አደረገው። በጉርሻ ታሳቢነት ትንሽ ደመወዝ የተቆረጠላት አስተናጋጅ እንግዳው ሲጠፋ ጉርሻውም ጠፋባት፤ ትንሿ ደመወዝ ግን ትንሽ እንደሆነች ቀረች። ጉርሻን የደመወዝ ምትክ ማድረግ ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለዚህ እንግዳው በእጁ ይስጥ፤ የሆቴል ባለቤቱም የሣጥኑን ቁልፍ ለሠራተኞቹ ይመልስ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ላይ የተጻፈው የደመወዝ ቦርድም ሥራውን ሠርቶ ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ የደመወዝ ወለል ያስቀምጥ።