ሲፎጭ እሳቱን ቀንሱ

በሸዋ ሮቢት ማድ ቤቶች ውስጥ ከሚገባው በታች ክብር የሚሰጠው ዕቃ ቢኖር ፕሬዠር ድስት ነው። ግማሹ ሰው «ይፈነዳል» ብሎ ይፈራዋል፤ ግማሹ «የወጥ ጣዕም ያጠፋል» ብሎ ከላይ ሰቅሎታል። የሚሠራበትም ቢሆን አብዛኛው እሳት እየለቀቀበት ያስጮኸዋል። እኔ ይህ ድስት ባበሰለው ቅቅል ያደግሁ ሰው ነኝና ስለሱ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ክዳኑ በጎማ ታሽጎ እንፋሎቱን ያፍናል፤ የታፈነው እንፋሎት ውሃውን ይጫነዋል፤ የተጫነ ውሃ ደግሞ ከወትሮው በላይ ካልጋለ አይፈላም። ክዳኑ ላይ የምትቀመጠው ከባድ ብረት፣ ቤት ውስጥ ፊሽካ የምንላት፣ ግፊቱ ልኩ ሲደርስ ከፍ ብላ ትርፉን ታስወጣለች።

ጥቅሙን ለማየት ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር አድርጎ ወደኛ መውረድ ይበቃል። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ስለሆነች እዚያ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ የሚፈላው ወደ 96 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው 100 ዲግሪ የባሕር ዳርቻ ሰዎች ነው። ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቴ ቤት የባቄላ ንፍሮ ጧት ተጥዶ ቀትር ድረስ ሲንተከተክ ይቆይ ነበር። ሰው እንጨቱን ይወቅሳል፣ ባቄላውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የከፍታው ነው። በፈላ ውሃ ላይ የቱንም ያህል እሳት ቢጨምሩበት ክዳኑ እስካልታሸገ ድረስ ሙቀቱ ከዚያ ፈቅ አይልም። ፕሬዠር ድስት ግን ሸዋ ሮቢት ላይ ውሃውን ወደ 118፣ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። በክፍት ድስት አምስት ዲግሪ የነበረው የደጋና የቆላ ልዩነት ወደ ሦስት ይወርዳል። ደገኛው ጥቂት ደቂቃ ይጨምር እንጂ ግማሽ ቀን አይጠብቅም።

የእኛ ቤቱን ድስት ያመጣችው ጅዳ ሠርታ የተመለሰች የእናቴ እህት ናት። ሰፈራችን ውስጥ ከዓረብ አገር የመጣች ሴት ሻንጣ ሲፈታ ከብርድ ልብሱና ከቴርሞሱ መሐል ይህ ድስት መውጣቱ የተለመደ ነበር። እናቴ በመጀመሪያ አላመነችውም። «ወጡን ሳላየው እንዴት አውቀዋለሁ?» ትል ነበር፤ ክዳን እያነሱ ማማሰልና መቅመስ የለመደ እጅ ይህን ቢል አይፈረድበትም። ያሳመናት የፍየል ቅቅል ነው። የአሮጌ ፍየል ቅልጥም ሥጋው ከአጥንቱ በጣት ተላቆ ሲወጣ፣ ዳሩ ላይ ያለው ጅማት እንደ ሙጫ ሲለሰልስ አየች፤ መረቁን ቀምሳ ማንኪያውን ሳታስቀምጥ አባቴን ጠራችው።

አጥንትና ይህ ድስት የቆየ ወዳጅነት አላቸው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዴኒ ፓፐን እ.ኤ.አ. በ1679 የመጀመሪያውን ለንደን ውስጥ ሲያሳይ ዓላማው የሚጣል አጥንት አለስልሶ ለምግብ ማዋል ነበር። ዛሬ በየክዳኑ ላይ የምናየው ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭም የሱ ፈጠራ ነው። ድስቱ ይፈነዳል የሚለው ስጋት ገና ያኔ ታስቦበት ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁምነገሬ ልምጣ። ብዙ ሰው ፊሽካዋ በጮኸች ቁጥር ምግቡ ቶሎ የሚበስል ይመስለዋል። ስለዚህ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ያነደዋል፤ ድምፁ ሲቀንስ ደግሞ ደንግጦ ከሰል ይጨምራል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ያ ጩኸት ትርፉ እንፋሎት የሚያመልጥበት ድምፅ እንጂ የመብሰል ድምፅ አይደለም። በውስጡ ያለውን ሙቀት የሚወስነው የፊሽካዋ ክብደት ነው፤ እሷን ማንሳት የጀመረ ግፊት ከዚያ በላይ አይወጣም። 118 ዲግሪ ላይ ከደረሰ በኋላ እሳቱን እጥፍ ብታደርጉት እንኳ ያው 118 ነው። የሚጨምረው የሚባክነው እንፋሎት ብቻ ነው። የሚባክነው ደግሞ መረቃችሁ ነው፤ ውሃው ያልቃል፣ ሥሩ ያራል፣ ከዚያ «ይኼ ድስት ያሳርራል» ተብሎ ይታማል።

ለእኛ ለቆላ ሰዎች ሌላም ጣጣ አለው። ግንቦትና ሰኔ ላይ በቆርቆሮ ማድ ቤት ውስጥ ያበሰለ ያውቀዋል፤ ያ የሚፎጨው እንፋሎት ሁሉ የሚያርፈው በምታበስለው ሴት ፊት ላይ ነው። እናቴ ይህን ከማንም ሳትማር ደርሳበታለች። ፊሽካዋ አጥብቃ ስትጮህ ሁለት ሦስት ፍም በጉጠት አውጥታ የቀረውን አመድ ታለብሰዋለች። ፊሽካዋ ዝም ሳትል፣ ሳትጮህም፣ ቀስ እያለች እየተወዛወዘች እፍ እፍ ትላለች። ልኩ ያ ነው። በጋዝ የሚያበስል ትንሹን ነበልባል ይተውለት። አንዳንዱ ደግሞ «ስንት ጊዜ ፎጨ?» እያለ ይቆጥራል፤ የፉጨቱ ብዛት ግን ከእሳቱ ጋር ይለዋወጣልና አያስተማምንም። ፊሽካዋ ከጀመረች በኋላ ሰዓት ይታይ፦ ሌሊቱን የተዘፈዘፈ ሽንብራ ሩብ ሰዓት ገደማ፣ የፍየል ቅቅል ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ አምስት ደቂቃ።

ጣዕም ያጠፋል የሚሉትን ደግሞ ምን እንደሚያደርጉበት እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ ጥሬ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ዶሮና ውሃ አንድ ላይ ከተው ይከድኑታል። የሸዋ ሮቢትን የመሰለ ሽንኩርት እያለ ይህ ግፍ ነው። ቁሌት የሚቀላው የሽንኩርቱ ውሃ ሲተን ነው፤ የታሸገ ድስት ደግሞ ውሃ አያስወጣም። ቁሌቱ በክፍት ድስት ይቁላላ፣ በርበሬው ይብሰል፤ ጠንካራው የሐበሻ ዶሮ ሲገባ ይከደን። ሽሮማ ጭራሽ አይገባበትም፤ ይወፍርና ሥሩ ይይዛል።

ጥንቃቄው አጭር ነው። ከመጣዳችሁ በፊት የክዳኑን ቀዳዳ ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩ፤ ብርሃን ካላሳየ የክክ ልጣጭ ደፍኖታል። ጥራጥሬ ከሆነ ከድስቱ ግማሽ አይለፍ። ጩኸቷን ለማፈን ፊሽካዋ ላይ ድንጋይ የሚጭን፣ ያለቀ ጎማ ፈንታ ከብስክሌት ጎማ ቆርጦ የሚገጥም ሰው አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ድስቱን አይማው። ከሁሉም የከፋው እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑን ታግሎ መክፈት ነው። 118 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ግፊቱ በድንገት ሲነሳለት በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ይወጣል፤ ሰው የሚቃጠለው በዚህ ነው። ከእሳት አውርዳችሁ ተዉት፤ ፊሽካዋ ስትነካ ምንም ካልተነፈሰችና እጀታው ያለ ትግል ከዞረ ተከፍቷል ማለት ነው።

ማሾን ግን አታስገቡበት። እንደ እኛ የይፋት ሰው ሆኖ ማሾ የሚያበቅል ጎረቤት የሌለው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ይሞክረዋል። ማሾ ሳይዘፈዘፍ እንኳ በክፍት ድስት በግማሽ ሰዓት ገደማ የሚበስል እህል ነው። ፕሬዠር ውስጥ ፈርሶ አረፋው ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ድስቱን ለሽንብራውና ለአደንጓሬው ተዉላቸው።