የደም ስኳርን «በተፈጥሮ» መቆጣጠር፦ ለዲላና ለጌዴኦ ታካሚ የሚስማማ የምግብና የእንቅስቃሴ ምክር

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በሞያሌ መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዲላ ከተማም ሆነ በወናጎ፣ በይርጋ ጨፌና በቡሌ ወረዳዎች፣ የስኳር በሽታ እንዳለበት የተነገረው ሰው ለጤና ባለሙያው ደጋግሞ የሚያቀርበው ጥያቄ አለ፤ «ይህ ነገር ያለ መድኃኒት፣ በምግብ ብቻ አይወርድም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መድኃኒት ገንዘብ ይጠይቃል፣ ወደ ጤና ተቋም መመላለስ ጊዜ ይወስዳል፣ ዕድሜ ልክ መድኃኒት መዋጥም ለማንም አይዋጥም። ይሁን እንጂ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ለሁሉም ታካሚ አንድ ሊሆን አይችልም። ለአንዱ ሕይወት የሚያድን ምክር ሌላውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድለው ይችላልና ባለሙያው ከመመለሱ በፊት ከፊቱ የተቀመጠው ሰው የትኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንዳለበት መለየት ይኖርበታል።

የደም ስኳርን በምግብ ብቻ ለመቆጣጠር የተደረገ ሙከራ በታሪክ አለ፤ ውጤቱም ይታወቃል። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ተገኝቶ በ1922 መጀመሪያ ላይ ለመጀመሪያው ታካሚ እስከተሰጠበት ጊዜ ድረስ፣ አሜሪካዊው ሐኪም ፍሬድሪክ አለን ሕፃናትንና ወጣቶችን ምግብ እጅግ በመቀነስ ያክም ነበር። በጊዜው ከነበረው አማራጭ ሁሉ የተሻለው ይህ ነበር። ሽንት ውስጥ የሚታየው ስኳር በእርግጥ ቀነሰ፤ ልጆቹ ግን አጥንትና ቆዳ ብቻ እስኪቀሩ ከስተው ጥቂት ወራትን ወይም ዓመታትን ከመቆየት በቀር አልዳኑም። ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ቆሽቱ ኢንሱሊን አያመነጭም፤ ስለዚህ ቢጾምም ጉበቱ ግሉኮስ መልቀቁን፣ ስቡም ወደ ኬቶን መለወጡን አያቆምም። ኢንሱሊኑን ትቶ ቅጠል የቀቀለ ወይም እህል የተወ ወጣት በማስታወክ፣ በሆድ ሕመምና በፈጣን አተነፋፈስ ተይዞ ሲመጣ፣ ነገሩ ኬቶአሲዶሲስ እንጂ የጨጓራ ሕመም ወይም ወባ ብቻ እንዳልሆነ መጠርጠር ያሻል።

በገጠሩ ጌዴኦ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ሌላም ወገን አለ። በቂ ምግብ ሳያገኝ ያደገ፣ ክብደቱ ዝቅተኛ የሆነ፣ የደም ስኳሩ እጅግ ከፍ ብሎ ሳለ ግን በቀላሉ ወደ ኬቶአሲዶሲስ የማይገባ ወጣት ነው። ይህን የመሰሉ ታካሚዎች በጎንደር ዙሪያ በተደረጉ ጥናቶች ጭምር ከድህነትና ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር ተያይዘው ተገልጸዋል፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 ይህን መልክ «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ምግብ ቀንስ፣ ክብደት ጣል» ማለት የበሽታውን ሥር ማጠጣት ነው። የሚያስፈልገው ተጨማሪ ምግብ፣ ይበልጡንም ፕሮቲን፣ እንዲሁም እንደ ሁኔታው ኢንሱሊን ነው። በመሆኑም ከምክሩ በፊት ሚዛንና ቁመት መለኪያ ይቅደሙ።

ምግብና እንቅስቃሴ ከፍተኛ ውጤት ያስመዘገቡት በዓይነት 2 እና ወደዚያ በመጓዝ ላይ ባሉ ሰዎች ላይ ነው። በቻይናዋ ዳቺንግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው ጥናት 577 ሰዎችን ለስድስት ዓመታት ተከታትሎ፣ የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ለውጥ ወደ ስኳር በሽታ መሸጋገርን በግልጽ እንደሚቀንስ አሳየ። በ2001 በፊንላንድ፣ በ2002 ደግሞ 3,234 ሰዎችን ባሳተፈው የአሜሪካ ጥናት ቅነሳው በሁለቱም 58 በመቶ ሆነ፤ በአሜሪካው ጥናት ሜትፎርሚን የወሰዱት ቅነሳ 31 በመቶ ነበር። በብሪታንያ በ2017 ይፋ የሆነው ጥናት እንዳመለከተው ደግሞ፣ በሽታው ከታወቀ ስድስት ዓመት ያልሞላቸውና ኢንሱሊን የማይወስዱ ታካሚዎች በሐኪም ክትትል ለተወሰኑ ወራት በቀን 850 ካሎሪ አካባቢ ብቻ ተመግበው፣ በዓመቱ 46 በመቶዎቹ ያለ መድኃኒት ከስኳር በሽታ መለኪያ በታች ሆነው ተገኝተዋል።

እነዚህ አሃዞች የሚያስደስቱ ቢሆኑም የተጠኑትን ሰዎች ማንነት መዘንጋት አይገባም። የአሜሪካውና የብሪታንያው ጥናት ተሳታፊዎች በአብዛኛው ወፍራሞች ነበሩ። የዲላ ነጋዴ፣ ሾፌር ወይም ቢሮ ውሎ በባጃጅ ወደ ቤቱ የሚመለስ፣ ቦርጩ የገፋ ሠራተኛ ከእነርሱ ጋር ይመሳሰላል፤ ክብደቱን ከ5 እስከ 7 በመቶ ቢቀንስ እንኳ ብዙ ይጠቀማል። በቡሌ ደጋ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የሚውለው ቀጭን ገበሬ ግን ሌላ ሰው ነው።

አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር የቆመው በእንሰት ላይ ነው፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ቡናና እንሰት ጎን ለጎን ይበቅላሉ። ስለዚህ «ቆጮ ተው» ብሎ መምከር ምግብ ተው ከማለት አይለይም፤ ታካሚው ባለሙያውን በትሕትና ሰምቶ ወደ ቤቱ ሄዶ ቆጮውን ይበላል። የሚሻለው ስለ መጠኑ፣ ስለ ዓይነቱና ስለ ማባያው መነጋገር ነው። ቆጮ ኃይሉን የሚያገኘው ከሞላ ጎደል ከስታርች ሲሆን የፕሮቲን ይዘቱ ከመቶ እጅ አንድ አካባቢ ነው። ቡላ ደግሞ ተጣርቶ የወጣ ስታርች በመሆኑ፣ በተለይ ቀጥኖ በገንፎ ወይም በአጥሚት መልክ ሲወሰድ ፈጥኖ ይፈጫል፤ የስኳር ሕመምተኛ አዘውትሮ ባይመገበው ይመረጣል። (የታመመን ሰው በቡላ አጥሚት ማስታመም የቆየ ልማድ ስለሆነ ይህን ለቤተሰቡም ማስረዳት ይበጃል።) በአንጻሩ ቆጮው በመጠኑ ተቆርሶ፣ ከሳህኑ ግማሹ ጎመን፣ ሩቡ ቦሎቄ፣ አተር፣ ባቄላ ወይም ሲገኝ ዓይብና እንቁላል ቢሆን፣ አሰሩና ፕሮቲኑ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያሉ። ጎመኑ ከጓሮ ይቀጠፋል፤ ቦሎቄውም ከሥጋ እጅግ ይረክሳል። አቮካዶ ስኳሩ ጥቂት፣ ስቡም መልካም የሆነ የአካባቢው ፍሬ ነው፤ ክብደት መቀነስ ያለበት ሰው ግን በቀን ከግማሽ ፍሬ ባያልፍ ይመከራል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የሚጠጣው ነው። ቡና በሚመረትበት አገር ቡና በቀን አንድ ጊዜ ብቻ አይፈላም። በአንድ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው 8 ግራም ያህል ይወስዳል፤ አቦል፣ ቶናና በረካ ሲደርስ 24 ግራም፣ ጠዋትና ማታ ሲደገም 48 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ ሰው ካስቀመጠው ጣሪያ፣ ማለትም በቀን 50 ግራም ገደማ፣ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም፤ ታካሚው ግን «እኔ ጣፋጭ አልወድም» ይላል። ስለዚህ «ስኳር ትበላለህ?» ከማለት «በቀን ስንት ሲኒ ትጠጣለህ? በሲኒው ስንት ማንኪያ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ቡናው ራሱ ጥፋት የለበትም። በጨው የሚጠጡት ደግሞ የደም ግፊታቸው ይለካ። በጭማቂ ቤቶች በማንጎ፣ በፓፓያና በስኳር የሚዘጋጀው እስፕሪስም የፍራፍሬ ስም ስለያዘ ብቻ ከለስላሳ መጠጥ የተሻለ መስሎ መታየት የለበትም።

የእንቅስቃሴ ጥቅም ካሎሪ ማቃጠል ብቻ አይደለም። ጡንቻ ሲኮማተር ግሉኮስን ከደም ወደ ሕዋስ የሚያስገቡትን በሮች ያለ ኢንሱሊን እርዳታ ይከፍታል፤ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚኖረው ምላሽም ከእንቅስቃሴው በኋላ ለአንድና ለሁለት ቀን ተሻሽሎ ይቆያል። በተከታታይ ከሁለት ቀን በላይ አይዘለል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ ለዲላ ነዋሪ በባጃጅ የሚሄድበትን መንገድ በእግር ማድረግ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ከምሳና ከእራት በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ መራመድም ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ይገታል። ለገበሬው ግን የሚጨመር ስፖርት የለም፤ እርሱን የሚመለከተው ጥንቃቄ ነው። የዓይን ሬቲና ጉዳቱ የከፋ ታካሚ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ቢሸከም ዓይኑ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። የደም ስኳሩ ከ250 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ሆኖ ሽንቱ ውስጥ ኬቶን የታየበትም ሰው እስኪስተካከል ድረስ ማረፍ አለበት።

በጌዴኦ የታካሚው ጉልበትና ገበታ ከወቅት ወቅት ይለያያል። ቡና ከመድረሱ በፊት ባሉት የክረምት ወራት ገንዘብም ምግብም ያጥራል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ባለው የለቀማ ጊዜ ደግሞ ሥራው ከንጋት እስከ ምሽት ነው። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በሁለቱም ወቅቶች በአንድ መጠን ከቀጠለ የደም ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። የሙሉ ቀን ጾም ጸሎትም ሆነ የረመዳን ጾም ተመሳሳይ አደጋ አለው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባትና እንደ ሰካራም መሆን ሲታይ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም መለካት ይገባል፤ ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም። በግሊቤንክላማይድ የመጣው ማነስ ተመልሶ ስለሚደገም፣ በተለይ ኩላሊቱ የደከመ ታካሚ ስኳሩ ስለተስተካከለ ብቻ በዚያው ሰዓት ወደ ቤቱ አይሰናበት።

ስለ አብሽና ስለ ሽፈራው ቅጠል ባለሙያው መቆጣት አያስፈልገውም። አብሽ አሰር የበዛበት በመሆኑ ከምግብ በኋላ የሚታየውን ስኳር በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል፤ የመድኃኒት ምትክ ግን አይሆንም፣ ከመድኃኒት ጋር ሲደረብም ስኳሩን አጉል ሊያወርደው ይችላል። ታካሚው የተቆጣውን ባለሙያ ይደብቀዋል፤ ያልተቆጣውን ግን ይነግረዋል።

ምክር የሚሠራው የሚመረጥ ነገር ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲፈናቀል፣ በመጠለያ ላለ የስኳር ሕመምተኛ ምግቡ የታደለው እህል ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የባለሙያው ሥራ የምግብ ዝርዝር መስጠት ሳይሆን መድኃኒቱ እንዳይቋረጥና መጠኑ በእጅ ካለው ምግብ ጋር እንዲመጣጠን ማድረግ ነው።

በምግብና በእንቅስቃሴ ብቻ እንዲጀምር የተፈቀደለት ታካሚ፣ ማለትም ዓይነት 2 የሆነ፣ ያልከሳ፣ የጠና ምልክት የሌለውና ስኳሩ መጠነኛ የሆነ ሰው፣ ቀጠሮው በሦስት ወር ይሁን። ከምግብ በፊት የሚለካው ስኳር ከ130 በላይ ከሆነ ወይም ኤች.ቢ.ኤ.ዋን.ሲ ከ7 በመቶ ካልወረደ ሜትፎርሚን ይጀመር፤ ምግቡና እርምጃው ግን ይቀጥሉ። በየቀጠሮውም ጫማ አስወልቆ የእግር ጣቶችን መሃል ማየት አይዘንጋ፤ በባዶ እግሩ በእርጥብ የእንሰት ማሳ የሚውል፣ ስሜቱ የደነዘዘ ሰው ቁስሉን የሚያውቀው ሽታው ሲመጣ ነውና።